ኒኬል የተለበጡ የጥንት ሪቮልቨሮችና የእንጨት እጀታዎቻቸው፦ ለባለይዞታዎችና ለወራሾች የተዘጋጀ መረጃ

1. መግቢያ

ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፉ የጦር መሣሪያዎች በአገራችን በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ከገንዘብ ዋጋቸው ይልቅ በክብርና በመታሰቢያነታቸው ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠሩ፣ ኒኬል የተለበጡና የእንጨት እጀታ ያላቸው ሪቮልቨር ሽጉጦች ይገኙበታል። ባለቤቱ ሲያልፍ ወይም የቆየ ቤት ሲፈርስ ከሣጥን ሥር የሚወጡት እነዚህ መሣሪያዎች ለወራሾች ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ያስነሣሉ። መሣሪያው ምንድን ነው? እንዴት ሊጠበቅ ይገባዋል? በሕግ ፊትስ ምን ያስከትላል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ ሳይገኝ ሲቀር ጉዳቱ ከባድ ነው። አንዳንዱ በፍርሃት መሣሪያውን ይቀብረዋል ወይም ይሰብረዋል፤ አንዳንዱ ላላወቀው ሰው ሸጦ በወንጀል ይጠየቃል፤ ሌላው ደግሞ ለማሳመር ሲል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የመቶ ዓመት ምስክርነቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ከሁሉም የከፋው ጥይት ያለበት መሆኑ ሳይታወቅ በሕፃናት እጅ ሲገባ የሚደርሰው አደጋ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ተገልጋዮች የቤተሰባቸውን ታሪክም ሆነ ሕግን ሳይጥሱ ተገቢውን ውሳኔ እንዲወስኑ ለማገዝ ነው።

2. ሪቮልቨር ምንድን ነው?

ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ክብ የጥይት ቤት ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ ነው። የጥይት ቤቱ በተኩስ መካከል እየዞረ ቀጣዩን ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ያገጣጥማል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 በአገሩ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ የዚህ ዓይነት መሣሪያ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሪቮልቨሮች ባሩድና እርሳስ ለየብቻ የሚጎረሱባቸው ነበሩ።

በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1857 በብረት ቀለህ የታሸገ ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1870 ያቀረበው ሞዴል 3 የተባለው ትልቅ ሪቮልቨር ደግሞ ለአሜሪካ ሠራዊትና በብዛት ለሩሲያ መንግሥት ተሽጧል። የአሜሪካ ሠራዊት መጀመሪያ ከገዛቸው 1,000 ያህል መሣሪያዎች 200ዎቹ ኒኬል የተለበጡ ነበሩ። በኮኔቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የኮልት ፋብሪካ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1873 እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣውን ነጠላ ምት ሪቮልቨር አቀረበ።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ሥራ ተስፋፍቶ ነበር። የፈረንሳይ ሠራዊት የ1873 እና የ1892 ሞዴሎችን፣ የኢጣሊያ ሠራዊት ቦዴዮ በመባል የሚታወቀውን የ1889 ሞዴል፣ የእንግሊዝ ሠራዊት ዌብሊን፣ የሩሲያ ሠራዊት ደግሞ በቤልጂጋዊው ሌዮን ናጋን የተነደፈውንና ሰባት ጥይት የሚይዘውን የ1895 ሞዴል ታጥቀዋል። የቤልጂግ ከተማ ሊየዥ በበርካታ አነስተኛ አውደ ጥናቶቿ የታወቁ ሞዴሎችን አስመስላ በርካሽ ዋጋ ለዓለም ታቀርብ ነበር።

3. የኒኬል ሽፋን ለምን ተመረጠ?

ኒኬል እንደ ብረት በቀላሉ አይዝግም። አሜሪካዊው አይዛክ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1869 በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል የመለበጥ ዘዴ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ሥራው ርካሽና አስተማማኝ ሆነ። በዚያ ዘመን ሁሉም ጥይት በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ሲሆን፣ ከተኩስ በኋላ የሚቀረው አተላ እርጥበት እየሳበ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። በልብስ ውስጥ የሚያዝ ሽጉጥም በላብ ይጎዳል። ስለሆነም የኒኬል ሽፋን ከውበቱ ባሻገር የመሣሪያውን ዕድሜ የሚያራዝም ጠቃሚ ሥራ ነበር።

ይሁንና ብዙኃኑ የጦር ሠራዊት መሣሪያዎች እንዳያንጸባርቁ ሲባል ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ባለው አሠራር ይጠናቀቁ ነበር። በመሆኑም የሠራዊት ምልክት ያለበት ነገር ግን ኒኬል የተለበጠ ሪቮልቨር ሲገኝ ሽፋኑ ከፋብሪካ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ ነው የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት።

4. የእንጨት እጀታ ያለው ትርጉም

በዘመኑ ለእጀታነት በብዛት የዋለው የዎልነት እንጨት ነው። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያ ሞዴሎች ላይ ሮዝውድ የተባለው ቀይ እንጨት ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሃያ ዓመታት በተለይ በአነስተኛና በርካሽ ሽጉጦች ላይ ጠንካራ ጎማ እንጨትን እየተካ መጣ። በልዩ ትእዛዝ የዝሆን ጥርስና የሉል ዛጎል እጀታዎችም ይሠሩ ነበር። በዚህ ምክንያት በፋብሪካ የተገጠመለትና እስከ ዛሬ አብሮት የቆየ የእንጨት እጀታ ያለው መሣሪያ በሰብሳቢዎችና በሙዚየም ባለሙያዎች ዘንድ ከፍ ያለ ግምት ይሰጠዋል።

እጀታ ከሁሉም የመሣሪያው ክፍል ይልቅ ከሰው እጅ ጋር የኖረ ነው። መላሰሱ፣ የላቡ ወዝ፣ የተቀረጸበት የስም ፊደል ወይም የመስቀል ምልክት የባለቤቱ አሻራ ናቸው። የመጀመሪያው እጀታ ተሰብሮ በአገር ውስጥ ባለሙያ ከወይራ፣ ከዋንዛ ወይም ከቀንድ የተሠራ ምትክ ቢገኝ ይህ «ኦሪጅናል አይደለም» ተብሎ የሚጣል አይደለም። ለፋብሪካው ታሪክ ባዕድ ቢሆንም መሣሪያው በአገራችን ለነበረው ሕይወት ምስክር ነውና እንዳለ ሊጠበቅ ይገባል።

5. ከአገራችን ታሪክ ጋር ያለው ትስስር

ሽጉጥ በኢትዮጵያ ታሪክ የክብር ስጦታም የጦርነት መሣሪያም ሆኖ አገልግሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በደረሳቸው ሽጉጥ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የጦር መሣሪያ በታጁራ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር። ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር የተባሉት ስሞች በአማርኛ ጸንተው የቀሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ እንዲሁም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን ከወራሪው ሠራዊት የተማረኩ መሣሪያዎችም በቤተሰብ እጅ ቆይተዋል።

በመሆኑም አንድ ሪቮልቨር አሜሪካ ወይም ቤልጂግ ውስጥ ቢሠራም በአገራችን የሚኖረው ዋጋ በአብዛኛው የሚመነጨው ከያዘው ሰውና ከዋለበት ቦታ ነው። ይህ ታሪክ በመሣሪያው ላይ አልተጻፈም፤ የሚገኘው በአዛውንቶች ትውስታ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር አብሮ ከመጥፋቱ በፊት ሊመዘገብ ይገባል።

6. መሣሪያው በቤት ውስጥ ሲገኝ በቅደም ተከተል የሚወሰዱ እርምጃዎች

ሀ) መሣሪያው ጥይት እንዳለበት ይቆጠር። ምላጩን መሳብ፣ መምቻውን ወደኋላ ማንሣት ወይም ያልታወቀ መክፈቻ መነካካት አይገባም። የቆዩ ጥይቶች ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊፈነዱ ይችላሉ።

ለ) ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች ከአካባቢው እንዲርቁ ማድረግ፣ ክፍሉንም መቆለፍ ያስፈልጋል።

ሐ) መሣሪያውን ይዞ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ገበያ መሄድ አይገባም። በቅድሚያ ያለ መሣሪያ በአካል ቀርቦ ለአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅና እንዴት እንደሚረከቡት ወይም እንደሚመረምሩት መጠየቅ ያስፈልጋል።

መ) የሟች የጦር መሣሪያ ፈቃድ፣ የውርስ ማስረጃ፣ የቆዩ ፎቶግራፎች፣ የሹመት ወይም የሽልማት ደብዳቤዎች ካሉ በአንድ ላይ ይሰብሰቡ።

ሠ) መሣሪያው ባዶ መሆኑ በሥልጣኑ ባለው ባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ ከሁለቱም ጎን፣ ከእጀታው ሥርና ጽሑፍ ካለበት ቦታ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሣ። ማኅደሩ፣ ዝናሩና ሣጥኑም አብረው ይመዝገቡ።

7. የመለያ ነጥቦች

የሚከተሉት ነጥቦች ባለሙያ ዘንድ ከመቅረብ በፊት ለመጀመሪያ ግንዛቤ የሚጠቅሙ ናቸው። ሁሉም የሚታዩት መሣሪያው ባዶ መሆኑ በባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

የሽፋኑ ቀለም፦ የዱሮ ኒኬል ወደ ቢጫ ያዘነበለ ሞቃት ነጭ ቀለም አለው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርቱ መስተዋታዊ ብልጭታ ከታየ ክሮም ሊሆን ይችላል። የክሮም ልበጣ በንግድ ደረጃ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ወዲህ ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ ላይ መገኘቱ ኋላ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

የመምቻውና የምላጩ ቀለም፦ በብዙዎቹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የኒኬል ሪቮልቨሮች ላይ መምቻውና ምላጩ ኒኬል አልተለበጡም፤ በእሳት በተገኘ ዝንጉርጉር ቀለም ተጠናቀዋል። እነዚህ ክፍሎች ጭምር ኒኬል ከሆኑ ዳግም ልበጣ ሊጠረጠር ይገባል።

የጽሑፉ ጥራት፦ ከልበጣ በፊት በብዛት የተሞረደ መሣሪያ ፊደላቱ ይደበዝዛሉ፣ ጠርዞቹም ይክባሉ። በደበዘዘ ጽሑፍ ላይ አዲስ ብልጭታ መታየቱ የኋላ ሥራ ምልክት ነው።

ተከታታይ ቁጥር፦ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን የቆዩ ሪቮልቨሮች ላይ ቁጥሩ ከእጀታው ሥር ባለው ብረት ላይ ተመትቶ በሌሎች ክፍሎችም ይደገማል። በእንጨት እጀታዎች ላይ በቀኙ ገበታ የውስጥ ገጽ በእርሳስ ተጽፎ ወይም ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ እጀታው የዚያው መሣሪያ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። የእርሳስ ጽሑፉ በቀላሉ ስለሚጠፋ በጨርቅ እንኳ መነካት የለበትም።

የመግጠሚያው ልክ፦ የፋብሪካ እጀታ ከብረቱ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ይገጥማል። ከብረቱ የወጣ ወይም ወደ ውስጥ የገባ እንጨት ከሌላ መሣሪያ የመጣ ወይም ተሞርዶ የጠበበ ሊሆን ይችላል።

የሊየዥ ምልክት፦ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከታዩ መሣሪያው በሊየዥ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ያለፈ ነው። ከእንቁላሉ ቅርጽ በላይ ዘውድ ካለ ምልክቱ የተመታው እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ ነው። ይህ ምልክት ያለው ነገር ግን የአሜሪካ ሞዴል የሚመስል ሪቮልቨር የቤልጂግ አምሳያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የኮልትና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን መዛግብት በተከታታይ ቁጥር መነሻነት አንድ መሣሪያ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን፣ የሽፋኑን ዓይነትና የተላከበትን ቦታ የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይሰጣሉ። ለብዙዎቹ ይህ ደብዳቤ ከማንኛውም ግምት የተሻለ ማስረጃ ነው።

8. የሕግ ሁኔታ

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መግዛት፣ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍም ሆነ ወደ አገር ማስገባት በወንጀል ያስጠይቃል። የመሣሪያው ዕድሜ መርዘም፣ የውበቱ ከፍ ማለት ወይም የቤተሰብ መታሰቢያ መሆኑ ብቻውን ፈቃድን አይተካም። ፈቃድ ለባለፈቃዱ የተሰጠ እንጂ ለቤተሰቡ በሙሉ የተሰጠ ስላልሆነ ወራሾች በሟች ፈቃድ መጠቀም እንደሚችሉ ሊያስቡ አይገባም።

በሌላ በኩል መሣሪያው ታሪካዊ ፋይዳ ያለው ሆኖ ሲገኝ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ የጥገና ሥራ ከማከናወኑ በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት የተከለከለ ነው። አሮጌ የሆነ ነገር ሁሉ ግን ቅርስ አይደለም፤ ይህን የሚወስነው በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በኩል የሚደረግ የባለሙያ ምርመራና ምዝገባ ነው።

ሁለቱ ሕጎች አንዱ ሌላውን አያስቀሩም። በቅርስነት የተመዘገበ መሣሪያ የጦር መሣሪያ ሕግን ማሟላት ይኖርበታል፤ ፈቃድ ያለው መሣሪያም ቅርስ ሆኖ ከተገኘ የቅርስ ሕግን ያከብራል። ተገልጋዮች ቅደም ተከተሉን በዚህ መልኩ እንዲይዙት ይመከራል፦ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የቅርስ ባለሥልጣኑ።

9. አጠባበቅ

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት መሣሪያውን በሕጋዊ ፈቃድ ለያዙና ለተቋማት ስብስብ ኃላፊዎች የቀረቡ ናቸው። በቅርስነት ለተመዘገበ መሣሪያ ከቀላል አቧራ ጠረጋ ያለፈ ማንኛውም ሥራ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይከናወንም።

የኒኬል ሽፋን የሚጎዳው ከላይ ብቻ አይደለም። በጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባ እርጥበት ከሥሩ ያለውን ብረት ሲያዝገው ሽፋኑ ያብጥና ይላጣል። በማለስለሻ ብናኝ መፈግፈግ ሽፋኑን ያሳሳል፤ የተላጠውን ጠርዝ ደግሞ ይበልጥ ያነሣዋል። አሞኒያ ያለበት የመሣሪያ ማጽጃ ከሽፋኑ ሥር ያለውን የመዳብ ንጣፍ ስለሚበላ ኒኬል በተለበጠ መሣሪያ ላይ ሊውል አይገባም። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅና በስሱ የተቀባ ገለልተኛ የማዕድን ዘይት ወይም ለጥበቃ ሥራ የተዘጋጀ ሰም ይበቃል። የተላጠውን መሣሪያ ዳግም ማስለበጥ ለታሪክም ለገበያም ዋጋውን ይቀንሰዋል።

የእንጨት እጀታ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፣ አዲስ ቫርኒሽም አይቀባም። የተልባ ዘይት በተደጋጋሚ መቀባት እንጨቱን ያጠቁራል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለመሣሪያው ብረት የዋለ ዘይት ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ ዘይት በቁጥብ ይቀባ። እጀታው መፈታት ካለበት ከብሎኑ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም ካቻቪቴ ያስፈልጋል። ብሎኑ ከወጣ በኋላ እጀታውን ከጠርዙ ፈልቅቆ ማንሣት እንጨቱን ስለሚሰነጥቀው ሥራው ለባለሙያ ቢተው ይመረጣል።

መሣሪያን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት ኬሚካልም ብረትን ይበላል። መሣሪያውና ማኅደሩ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው መቀመጥ የለባቸውም። የክፍሉ የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ሆኖ ብዙ ሳይለዋወጥ ቢቆይ ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል። ማስቀመጫው የተቆለፈ መሆን አለበት፤ ጥይት ካለም በሌላ ቦታ ለብቻው ይቆለፋል።

የጥንት ሪቮልቨርን መተኮስ ፈጽሞ አይመከርም። በጥቁር ባሩድ ግፊት ልክ የተሠራ የጥይት ቤት በዘመናዊ ባሩድ ሊፈነዳ ይችላል።

10. በውጭ አገር ለሚኖሩ ዜጎችና ትውልደ ኢትዮጵያውያን

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን መሣሪያ «ጥንታዊ» ብሎ ይለየዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች በሕጋዊ መንገድ የገዙትን የጥንት ሪቮልቨር ለቤተሰብ በስጦታ ይዘው መምጣት የሚችሉ ይመስላቸዋል። ይህ ልዩነት የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ አብሮ አይሻገርም። አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ሳይኖር መሣሪያም ሆነ የመሣሪያ አካል በሻንጣ ወይም በፖስታ መላክ አይገባም። በአሜሪካም ቢሆን የየግዛቱ ሕግ ይለያያል፤ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩም የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማጣራት አለባቸው።

እጀታው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ከሆነ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚገዛው ስምምነት ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

11. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

«መሣሪያው ዝጎ አይሠራም፤ ማሳወቅ አለብኝ?» አዎ። የማይሠራ መስሎ የሚታይ መሣሪያ ሊተኩስ ይችላል። ሕጋዊ ሁኔታውን የሚወስነው የሚመለከተው አካል እንጂ ባለይዞታው አይደለም።

«ባሳውቅ ይወሰድብኝ ይሆን?» ውሳኔው እንደ ፈቃዱ ሁኔታና እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። ሆኖም ራሱ ቀርቦ ያሳወቀ ሰውና በፍተሻ የተገኘበት ሰው አንድ አይደሉም። የመሣሪያውን ታሪክ የሚያስረዱ ሰነዶች አብረው ሲቀርቡ ለቅርስ ባለሙያዎች ምርመራ በር ይከፍታሉ። መሣሪያ በሚያስረክቡበት ጊዜ ተከታታይ ቁጥሩንና የእጀታውን ዓይነት የሚገልጽ የርክክብ ሰነድ ተቀብለው ይያዙ።

«ለሙዚየም መስጠት እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ?» መሣሪያውን ይዘው ሳይሄዱ በቅድሚያ በደብዳቤ ሙዚየሙን ይጠይቁ። ደብዳቤው የባለቤቱን ስም፣ መሣሪያው የተገኘበትን ሁኔታ፣ የዋለበትን ቦታና የምስክሮችን ቃል ቢይዝ መልካም ነው። ታሪኩ የተመዘገበለት መሣሪያ ለትውልድ ያስተምራል፤ ታሪኩ የጠፋበት ግን ከብዙ አሮጌ ብረቶች አንዱ ሆኖ ይቀራል።

«እጀታው ብቻ ነው የቀረን፤ ጥቅም አለው?» አለው። የውስጡ ቁጥርና የላዩ ቅርጽ መሣሪያውን ሊያስለዩ ይችላሉ። ሳያጥቡና ሳይቀቡ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ያሳዩ።

12. ማሳሰቢያ

ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የአዋጆቹን ሙሉ ቃል አይተካም። ልዩ ጉዳይ ያላቸው ተገልጋዮች በነጋሪት ጋዜጣ የወጡትን አዋጆች እንዲመለከቱና በአካል ቀርበው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። በቤትዎ እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለና የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ካሉ፣ ማን እንደያዘው፣ ከማን እንዳገኘውና የት እንደዋለ ዛሬውኑ ጠይቀው በጽሑፍ ያስፍሩ።